ሽማግሌ ያልተጠራበት ጭቅጭቅ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ አጫጭር ልቦለድ እሞክራለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልዎት ታሪክ ሰዓዳ የምትባል ሴት በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ተመልሳ፣ እህቷ ቤት ኮምቦልቻ አርፋ፣ ሊወስዳት ከመጣው ባሏ ከእንድሪስ ጋር ደሴ ስትወጣ ነው። እሷ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት የተመዘገበው በባሏ ወንድም ስም ነው። ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዷ ‹ሁሉንም ነገርሽን እኮ፤ ለኛ ምን ተረፈን?› አለችኝ። ሌላው ደግሞ ‹ደሴ የለችበትም› አለ። ጦሳን ጽፌያለሁ፣ ጉሙን ጽፌያለሁ፣ ቡናውን ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ? ንግግሩን ባሳጥረው ደግሞ ሰው አይገባውም ብዬ እፈራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጭንቀት አለኝ። ታሪኩ የእህቴ ነው ማለት ይቻላል። ቤተሰብ ቢያነበውስ? — ሐረጎ ላይ የቆመችው፣ ከኮምቦልቻ»

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዷ ስለ ንግግሩ፣ ሌላው ስለ ቦታው የተናገሩ ይመስላል እንጂ የነኩት ቁስል አንድ ነው። ከንግግሩ ልጀምር። ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ እንደተነሳ ሰዓዳና እንድሪስ እንዲህ ይባባላሉ፦

«እንድሪስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ጅዳ ሰው ቤት ወለል እየወለወልሁ የላክሁልህን ገንዘብ በወንድምህ ስም ቤት ሠራህበት። ካርታው ላይ ስሜ የለም። ከዳኸኝ!»

«ሰዓዳ፣ አንቺም ጥለሽኝ ሄድሽ። ሁለት ልጆች ብቻዬን አሳደግሁ። እንዴት እንደምኖር አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እስኪ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እንዲህ የሚናገሩ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት የተቀመጡ ናቸው። እዚያ ያምርባቸዋል። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ ሲፈጸም ስላልነበሩ ተበዳይ ከሥር ከመሠረቱ፣ ከነዓመቱ ከነገንዘቡ ማስረዳት አለበት። እንድሪስ ግን አምስት ዓመት መሆኑን ያውቃል፤ እሱም ቆጥሮታል። ካርታው በማን ስም እንደወጣም ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ሰዓዳ የምታስረዳው ለማን ነው? ለኛ ለአንባቢዎቹ ነው። ሳታስቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀምጠሽናል። ሽማግሌ የተደረገ አንባቢ ደግሞ ይፈርዳል። ሁለት ገጽ ሳይሞላ «ጥፋቱ የሱ ነው» ብሎ ጋቢውን አስተካክሎ ይነሳል። ከፈረደ በኋላ የቀረውን ለምን ያነባል?

ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ሰው እንዲህ አይጣላም። ዋናውን ነገር ሁለቱም ስለሚያውቁት ማንም አያነሳውም። ጠቡ በወጡ ጨው ይሆናል፣ በልጁ ጫማ ይሆናል፣ «ስልክህን ለምን አላነሳህም» ይሆናል። «ምን ሆነሻል?» «ምንም።» ከዚህ የከበደ ምልልስ ያለ አይመስለኝም፤ በየቤቱ አለ፣ ደግሞም ማንም ሰምቶት «ምን ማለቷ ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ሌላም አለ። ያሳፈርሻቸው ሚኒባስ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ የአክስትሽ ጎረቤት፣ ከፊት የልጅሽ አስተማሪ ሊኖር ይችላል። ገመናዋን የምትጠብቅ ሴት እዚያ መሐል «ከዳኸኝ!» ብላ ትጮኻለች? ብትጮኽስ እንድሪስ ቁጭ ብሎ በተራው ይመልሳል? ወራጅ ብሎ ይወርዳል እንጂ! መናገር የማይቻልበት ቦታ ላይ አስቀመጥሻቸው፤ ይህ ግሩም ምርጫ ነበር። ከዚያ ቦታው የማይፈቅደውን ሁሉ አናገርሻቸው። «ደሴ የለችበትም» ያለው ጓደኛሽ ይህን ማለቱ ይመስለኛል። ሰዎቹ የሚናገሩት ማንም በማያውቃቸው፣ ማንም በማይሰማቸው አገር እንዳሉ ሆነው ነው።

ጦሳን ጽፌያለሁ ብለሻል። አዎ፣ ጽፈሻል፦ «ግርማ ሞገስ የተላበሰው የጦሳ ተራራ ከተማዋን ቁልቁል ይመለከታል።» ይመልከት። ሰዓዳን ምን አደረጋት? ይህ ዓረፍተ ነገር ከታሪክሽ ወጥቶ የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ላይ ቢታተም አንድም ነገር አይጎድልበትም፤ ታሪክሽም አይጎድልበትም። በአጭር ልቦለድ ቦታ ሥራ ፈቶ መቀመጥ የለበትም። ሁለቱ ሰዎች የሚሸሹትን ነገር እንዲነኩ ማስገደድ ይጠበቅበታል።

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን እንውሰድ፤ በብዕር ስምሽ እንኳ የቆምሽበትን። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛውን ጨርሶ ደሴ እስኪገባ አራት ዲግሪ ያህል ይወርድበታል። ቁጥሩን ታሪኩ ውስጥ ጻፊ አላልኩሽም። አምስት ዓመት በጅዳ ሙቀት የኖረች ሴት ግን በየኩርባው ቆዳዋ ላይ ታነበዋለች። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ስለ ብርድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። መስኮት ገርበብ ካለ ከሦስተኛው ወንበር «ኧረ ንፋስ መታን!» የሚል አይጠፋም። በመስኮት መጨቃጨቅ ወግ ነው፤ ማንም ዞሮ አያይሽም። እንግዲህ ሰዓዳና እንድሪስ ሰው መሐል እንዲጣሉበት የተፈቀደላቸው ብቸኛ ነገር ይኸው መስኮት ነው። እንዲህ ብትሞክሪውስ፦

«መስኮቱን ዝጊው፤ ብርድ ይመታሻል።»

«አልበረደኝም።»

«ገና ነው። ሐረጎን ስንወጣ ታይዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ያደግሁበት ነው።»

«ቆይተሽ ነው ብዬ እኮ ነው።»

ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ መጣ። እንድሪስ እጁን ኪሱ ሲከት ሰዓዳ ብሩን ዘርግታ ነበር።

«ተይ እንጂ፣ እኔ የለሁም እንዴ?»

«የኔን ነው የከፈልሁት።»

ረዳቱ አንዱን ብር ተቀብሎ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱንም አያቸው። እንድሪስ ከፈለ።

«ቁልፉን ይዘኸዋል?» አለችው፣ መንገዱን እያየች።

«ጀማል አለ። እሱ ይከፍትልናል።»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው?»

«ቤት ባዶውን አይተውም ብዬ ነው።»

«አዎ» አለች። «አይተውም።»

መስኮቱን ዘጋችው።

ካርታ የሚል ቃል አለበት? ሪያል፣ አምስት ዓመት፣ ከዳኸኝ? አንዱም የለም። የገዛ ቤቷ ቁልፍ የባሏ ወንድም ጀማል ጋ መሆኑን ግን አንባቢው ሰምቷል፣ ሰዓዳም ከሱ ጋር እኩል ሰምታለች። አንባቢው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ መንገደኛ ሆኗል፤ የሚፈርድበት ማስረጃ አልተሰጠውም፣ ጆሮውን ግን አይነቅልም።

መስኮቱ የሚዘጋበትን ቦታ ልብ በይ። እንድሪስ «ዝጊው» ሲላት አልዘጋችም። ብርዱ ሲመጣም አልዘጋችም። የዘጋችው «አይተውም» ካለች በኋላ ነው። ለምን? አልነግርሽም፤ አንቺም ለአንባቢ እንዳትነግሪ። በድሮው ረቂቅ ልማድሽ «ልቧ በሐዘን ተሰብሮ መስኮቱን ዘጋችው» ብለሽ ትጽፊ ነበር። «ልቧ በሐዘን ተሰብሮ» የሚለውን ስትሰርዢ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ሰርዢው።

ሰምና ወርቅ የሚወድ አንባቢ «ይህማ የኛው ቅኔ ነው» ይለኝ ይሆናል። ግማሹን እቀበላለሁ። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ግን ወርቁን ጨብጦ፣ አውቆ ነው ሰም የሚያለብሰው። ሰዓዳ ኮምቦልቻ ላይ መስኮቱን ስትከፍት ምን እያደረገች እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም። ሞቋት ነው፤ በቃ። ገጸ ባሕርይሽን ቅኔ አዋቂ አታድርጊያት። ካወቀችበት መልሳ ሽማግሌ ፊት መቅረቧ ነው።

ይህን ዘዴ ከሁሉ አጥብቆ የሠራበት አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ነው፤ «ነጭ ዝሆኖች የሚመስሉ ኮረብታዎች» በተባለችው፣ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተማት አጭር ታሪክ። ስፔን ውስጥ፣ በኤብሮ ወንዝ ሸለቆ፣ አንድ አሜሪካዊና አብራው ያለች ልጅ ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብለው እየጠጡ ይጠብቃሉ። ከባርሴሎና የሚመጣው ባቡር ሊደርስ 40 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ወደ ማድሪድ ያልፋል። ሰውየው ልጅቷ ፅንሱን እንድታስወርድ ይፈልጋል፤ ቃሉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜም አይነሳም። በሐዲዱ በአንዱ በኩል ዛፍም ጥላም የሌለው ደረቅ ምድር፣ በሌላው በኩል የእህል ማሳና ወንዙ ዳር ዛፎች አሉ። ደራሲው ይህን አይቶ አልፏል እንጂ «እነሆ ምርጫዋ» አላለም። የሰዓቱ ነገርም አለ፤ ባቡሩ ስለሚመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ላንቺ ያን ሥራ ሐረጎ ይሠራልሻል፤ መንገዱ ሲያልቅ ቤቱ በር ላይ ናቸው።

አንብቢው፤ እንዳትቀጂው ግን። እነዚያ ሁለቱ በሰው አገር ብቻቸውን ናቸው፤ መጠጥ ከምታቀርበው ሴት በቀር የሚሰማቸው የለም፣ እሷም ቋንቋቸውን አትናገርም። የሚሸሹት እርስ በርስ ነው። ደሴ ላይ ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። አማት አለች፣ ወንድም አለ፣ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። እዚህ ሰው ዋናውን ነገር የማይናገረው ስለሚሰማበት ነው፤ ዝምታውን የሚያመጣው ይሉኝታ ነው። ስለዚህ የነሱን ቁርጥ ቁርጥ ያለ ንግግር ወስደሽ ለሰዓዳ ብትሰጫት የተተረጎመች ትመስላለች። የኛ ሰው ሲደብቅ አያጥርም፤ እንዲያውም ይረዝማል። ሰላምታ ያበዛል፣ የዘመድ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ሰዓዳ ከሚኒባሱ ወርዳ ፒያሳ ላይ ያገኘቻትን የድሮ ጎረቤት ከእናቷ እስከ ላሟ ጤና ስትጠይቅ፣ ከእንድሪስ ጋር ግን ኮምቦልቻ ላይ ሲገናኙ በ«ደህና ነሽ?» «ደህና» ያለፉ መሆናቸውን አንባቢው ራሱ ያነጻጽረዋል።

አማርኛ የሰጠንን መሣሪያም ረስተሽዋል። ሁለቱ ታሪኩን ሙሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እየተባባሉ፣ ስም እየጠሩ ነው። አንድ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ በስሙ ይጠራል? «እንድሪስ፣ እኔ እኮ…»፣ «ሰዓዳ፣ አንቺ ግን…»፤ ይህም የአቤቱታ ልማድ ነው። ሳትሄድ በፊት ምን ይጠራሩ ነበር? የቤት ስም ነበራት? «የልጆቹ እናት» ይላት ነበር? እናቷ አባቷን «አንቱ» እያለች የኖረች ከሆነ፣ ሰዓዳም ከመሄዷ በፊት እንደዚያው ትል ከነበረ፣ ስትመለስ ሳትወስን ሳትዘጋጅ ከአፏ «አንተ» ቢወጣስ? ማንም አይቆጣም፣ ማንም አያርማትም። አማቷ ግን ሲኒ የምታጥበውን እጇን ለአፍታ ታቆማለች። በሌላ ቋንቋ ይህን ለመሥራት አንድ አንቀጽ ይፈጃል፤ ላንቺ ግሡ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ትበቃሻለች። ደግሞ ቤት ውስጥ ሲኮራረፉ በልጁ በኩል ይነጋገሩ፦ «አባትህን እራት ቀርቧል በለው።» አባት እኮ እዚያው ቁጭ ብሏል!

ወደ ሁለተኛው ትዕይንት ልለፍ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ወርቅ ላይ ተቀምጠሽ አላየሽውም። ቡናውን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሽዋል። ረከቦቱ፣ ቄጠማው፣ የዕጣኑ ጢስ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የደሴ አንባቢ ይህን ከእናቱ ጓዳ ያውቀዋል፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳን ቡና ልታስተምሪ አልተቀመጥሽም። ከሥርዓቱ ውስጥ የሚጻፈው የተዛባው ብቻ ነው። ማን ነው የሚያፈላው? ረቂቅሽ ላይ «ቡና ተፈላ» ብለሽ አልፈሻል። የምታፈላው የጀማል ሚስት ትሁን። ሲኒዎቹ ሰዓዳ ከጅዳ የላከቻቸው ይሁኑ። ከዚያ አማቲቱ በደግነት፣ ያለ አንዳች ተንኮል፣ «ለሰዓዳ አስቀድሚላት እንጂ፣ እንግዳ ናት» ትበል። የጀማል ሚስትም በሁለት እጇ «ጀባ» ብላ ትዘርጋላት። ያከበሯት መስሏቸው በገዛ ቤቷ እንግዳ አደረጓት። ሰዓዳ ምን ትላለች? ክብር ሲሰጡሽ እንዴት ትቆጫለሽ? ሲኒውን ትቀበላለች።

ዝናቡንም እዚሁ አምጪው። አንቺ «ሰማዩም እንደ ሰዓዳ ያለቅስ ጀመር» ብለሻል። ሰማዩን ተዪው፣ የሚያለቅስበት የለውም። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምን ይሆናል? ሰው አይሰማማም፤ አንዱ ለአንዱ መጮኽ አለበት። ቤቱ ኮርኒስ ካለው ግን ድምፁ ይቀንሳል። ሰዓዳ ለኮርኒሱ ብላ ለብቻው የላከችው ገንዘብ አልነበረም ወይ? ሦስተኛው ገጽ ላይ በገንዘብ ዝርዝር ውስጥ ቀብረሽዋል። አውጪው፣ ዝርዝሩን ጣይው፣ ዝናቡን ልቀቂው፦

«ኮርኒሱስ?» አለች ሰዓዳ ቀና ብላ።

«ምን አልሽ? አይሰማም!»

«ኮርኒሱ!»

ሁሉም ዝም አሉ። «ይሠራል» አለ እንድሪስ። «ኢንሻአላህ፣ ከክረምቱ በፊት።»

«ቶናውን ቅጂ እንጂ» አሉ አማቷ።

ሚኒባሱ ውስጥ በሹክሹክታ እንኳ ያልተነሳውን ነገር ቤቱ ራሱ አስጮኻት። ቦታ ሥራ ይሥራ ስልሽ ይህን ነው። ሰዓትም አለሽ፤ አቦል ወርዷል፣ ቶና እየተቀዳ ነው፣ የቀረው በረካ ነው። ሰዓዳ በረካውን ጠጥታ ትነሳለች ወይስ ሳትጠጣ? ታሪኩ መጨረሻው እዚያ ነው፣ ምርጫውም ያንቺ ነው። «እያለቀሰች ወጥታ ጉሙ ውስጥ ጠፋች» የሚለውን ግን እርሺው። ጉም ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ገጸ ባሕርይ በዝቶብናል፤ ደሴ እንዲያ ከሆነ እስካሁን ሰው አይተርፍባትም ነበር።

ስለ እንድሪስ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከሰው በታች አድርገሽዋል። ይሰርቃል፣ ይዋሻል፣ ያኮርፋል፣ ጥርሱ እንኳ አያምርም። ክፉ ሰውና ደግ ሴት ሲጣሉ «የታመመ ግንኙነት» አይባልም፤ ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ይበቃዋል። ግንኙነቱ የሚያመው መተሳሰብ ካላለቀ ነው። እኔ ብሆን እንድሪስን ከደሴ ሲወርድ ጋቢ አስይዘው ነበር። እንደሚበርዳት ስለሚያውቅ፣ ገና ሳያገኛት፣ አስቦ የያዘው ጋቢ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ይቀመጥ። ሐረጎን ሲወጡ «ልበሺ» ይበላት፤ «አንተ ልበስ» ትበለው። ሁለቱም ሳይለብሱት እየበረዳቸው ደሴ ይግቡ። ቤቱንስ በወንድሙ ስም ለምን አደረገ? ምናልባት ያኔ ብድር ያበደረው ወንድሙ ብቻ ነበር፤ ምናልባት ሚስቱ አትመለስም ብሎ ፈርቶ ነበር። ታሪኩ ውስጥ አትጻፊው፤ አንቺ ግን እወቂው። ደራሲው ያወቀው ምክንያት ሳይጻፍም በሰውየው አነጋገር ውስጥ ይሰማል።

ሁለት የእውነታ ስሕተት አግኝቻለሁ፤ ቶሎ ልበላቸው። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. ሆኖ ሰዓዳ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ በር አልፋ ትሄዳለች። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን አድርጊው፣ እሱ ከዚያ በፊትም ነበር። ሁለተኛው፣ ኅዳር ብለሽ ዶፍ አውርደሻል። በኅዳር ደሴ የምትታወቀው በብርዷ ነው። ዝናቡን ከፈለግሽው፣ እኔ አጥብቄ እፈልገዋለሁ፣ ወደ መጋቢት አዙሪውና የበልግ ዝናብ ይሁን፤ ከሳውዲ ተመላሾቹ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ሲገቡ ስለነበር ታሪኩ አይፈርስም። ዓመተ ምሕረቱን ካነሳን ዘንድ፣ ለምን ድንገት እንደተመለሰች የጻፍሽውን ግማሽ ገጽ ማብራሪያም ማውጣት ትችያለሽ። በዚያ ዓመት ከ160,000 በላይ ሰው ከሳውዲ ተመልሷል፤ ወሎ ውስጥ ተመላሽ ያልገባበት ሠፈር ማግኘት ይከብዳል። «መጋቢት 2006» ብለሽ አንዲት የተጨማደደች ሻንጣ ብታሳዪ ኮምቦልቻ ያለ አንባቢ የቀረውን ይሞላዋል።

«ሰው አይገባውም» ላልሽው፦ አንዳንዱ በርግጥ አይገባውም። ሰው እንዲገባው ግን የሚያስፈልገው የባልየው ኑዛዜ አይደለም፤ ሁለት ሦስት የማያሻሙ ነገሮች በትክክል መቀመጣቸው ነው። ከየት መጣች? ሻንጣው ይናገራል። ቤቱ በማን እጅ ነው? ቁልፉ ይናገራል። ገንዘቡስ? ኮርኒሱ። እነዚህ ከተሳቱ ዝምታው ጥልቀት አይሆንም፣ ብዥታ ይሆናል፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ምንም ሳያስቀምጥ «አንባቢው ይድረስበት» ይላል። ለመፈተን ከፈለግሽ ታሪኩን ለማታውቅ አንዲት የሥራ ባልደረባሽ አንብቢላትና «ወደድሽው?» ብለሽ አትጠይቂ። «ቤቱ የማን ነው?» በያት። አመንትታ «የወንድሙ… አይ፣ የሷ ነው እንጂ!» ካለችሽ ሠርቷል።

የእህትሽ ነገር ይቀራል። ይህን ከጽሑፍ ለይቼ ነው የምነግርሽ። ሳይታተም በፊት ለሷ አንብቢላት። ጋዜጣ ላይ ወይም ከጎረቤት ከምትሰማው ካንቺ ብትሰማ ይሻላል። «አይሆንም» ካለችሽ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ፤ ትዳሩ የሷ ነው፣ የሚኖረውም አንቺ ከጻፍሽው በኋላ ነው። «እሺ» ካለችሽም የልጆቹን ቁጥር፣ የወንድሙን ሥራ፣ ሠፈሩን ቀያይሪ። ሰኞ ገበያ ሠፈር ያለው ቤት ወደ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ቢሄድ ታሪኩ ምንም አይጎዳም። ቤተሰቡ ራሱን ያገኛል ወይ? የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ራሱን ያገኛል። ነገር ግን የአሁኑ ረቂቅ አቤቱታ ስለሆነ እንድሪስን የሚመስለው ሰው ሲያነበው እንደተከሰሰ ነው የሚቆጥረው፣ መልስ ይፈልጋል፣ ስልክ ይደውላል። ጋቢ ይዞ የወረደውን እንድሪስ ሲያነብ ግን ምን ብሎ እንደሚከራከር ግራ ይገባዋል። አንቺም ታሪኩን በጻፍሽ ጊዜ ለእህትሽ ጠበቃ ቆመሽ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። መቆምሽ አያስነቅፍሽም። ጥብቅናውን ግን ከሷ ጋር ቡና ላይ አድርጊው።

ርዕሱንም ቀይሪ። «የፈረሰ ትዳር» ብለሽ ጀምረሽ ሰው መፍረስ አለመፍረሱን እንዲከታተል መጠበቅ አይሆንም። «ሒሳብ» ቢባል እኔ አነበዋለሁ። አዲሱን ረቂቅ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ከአምስት ገጽ እንዳይበልጥ።